ካናቴራው የተናገረውና የምርጫው ሣጥን የመለሰው

«ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አባቶቻችን። ቀድሞ አነጋገር የአፍ፣ አያያዝ የልብስ ጉዳይ ነበር። ዛሬ ግን ሁለቱ ተገናኝተው ልብሱ ራሱ ተናጋሪ ሆኗል። በየከተማው የምናያቸው ወጣቶች በደረታቸው ላይ የሚያነግቡት ጽሑፍ አንዳንዱ የኳስ ቡድን ስም፣ አንዳንዱ የዘፋኝ መፈክር፣ አንዳንዱም የፖለቲካ ስድብ ነው። ለባሹ አፉን ሳይከፍት መንገደኛውን ሁሉ ያነጋግራል። እንግዲህ ልብስ እንዲህ ተናጋሪ ከሆነ፣ እንደ ማንኛውም ተናጋሪ በቃሉ ሊፈረድበት ይገባል ማለት ነው። ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበውም በአንድ ካናቴራ ላይ ስለተጻፉ ጥቂት ቃላት፣ ቃላቱ ስላስነሡት ቁጣና ከቁጣው ስለምናገኘው ትምህርት ነው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩ የሆነው በአሜሪካ ነው። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የፕሬዚዳንት ምርጫ ሊደረግ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ኧርበን አውትፊተርስ የተባለው የልብስ ነጋዴ ድርጅት አንድ ካናቴራ በ28 ዶላር መሸጥ ጀመረ። የዚህ ድርጅት ደንበኞች በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ሥራ የጀመሩ ወጣቶች ናቸው። በካናቴራው ደረት ላይ የታተመው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «ድምፅ መስጠት ለሽማግሌዎች ነው» የሚል ነበር። ፌዙ ግልጽ ነው። ምርጫ የአሮጌዎች ጉዳይ ነውና፣ አንተ ወጣቱ ወደ ጨዋታህ ሂድ ማለት ነው።

ወሬው እንደተሰማ ተቃውሞው ተነሣ። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ መታሰቢያ በ1966 የተቋቋመ የፖለቲካ ኢንስቲትዩት አለ። ሥራው ተማሪዎችን ወደ ሕዝብ አገልግሎት ማቅረብ ነው። በዚያን ጊዜ የኢንስቲትዩቱ ዳይሬክተር የነበሩት፣ በፕሬዚዳንት ክሊንተን ዘመንም የእርሻ ሚኒስትር ሆነው ያገለገሉት ዳን ግሊክማን፣ ለነጋዴው ድርጅት የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። ወጣቱን ወደ ምርጫ ለማምጣት ሌት ተቀን የሚደክሙ ማኅበራት ባሉበት አገር፣ ወጣቱን ከምርጫ የሚያርቅ ቃል በደረቱ ላይ ለጥፎ መሸጥ የተሳሳተ መልእክት ማስተላለፍ ነው የሚል ነበር ክርክራቸው። ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖችም ነገሩን ተቀባበሉት።

ሠሪዎቹና ሻጩ በበኩላቸው ጽሑፉ ፌዝ እንጂ ምክር አይደለም፣ ማንንም ከምርጫ ለማስቀረት አላሰብንም ሲሉ ተከላከሉ። ፌዝ መሆኑን እኛም አንክድም። ነገር ግን ፌዝ የሚገባው ፌዘኛውን ለሚያውቅ ሰው ነው። በቤት ውስጥ በወዳጆች መካከል የተባለ ቀልድ፣ የተናጋሪው ፊት፣ ድምፁና ፈገግታው ይተረጉመዋል። በካናቴራ ላይ የታተመ ቀልድ ግን ፊትም ፈገግታም የለውም። በአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ቆሞ የሚያነበው የ18 ዓመት ልጅ የሚያገኘው ቃሉን ብቻ ነው። ቃሉ ደግሞ «ይህ ያንተ ሥራ አይደለም» ይለዋል።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባብያን «ታዲያ መንግሥት ለምን አልከለከለውም?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። መልሱ በአሜሪካ የፍርድ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በ1965 በአዮዋ ክፍለ ሀገር፣ ዴ ሞይን በምትባለው ከተማ፣ ጥቂት ተማሪዎች የቬትናምን ጦርነት በመቃወም በክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ትምህርት ቤት ቢገቡ ታገዱ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1969 ለተማሪዎቹ ተፈረደላቸው። በ1968 ደግሞ አንድ የ19 ዓመት ወጣት በሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ውስጥ የወታደር ምልመላን በጸያፍ ቃል የሚሰድብ ጃኬት ለብሶ ተገኘና ተያዘ፤ የሠላሳ ቀን እስራትም ተበየነበት። በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህንኑ ፍርድ ሻረው። ስለዚህ በዚያ አገር ሕግ መሠረት ልብስ ላይ የተጻፈ ሐሳብ፣ ቢያስጠላም እንኳ፣ በፖሊስ አይገፈፍም።

የካናቴራው ተቃዋሚዎችም ፖሊስ አልጠሩም። የያዙት ብዕር ነበር። ይህን እኛ እንደ መልካም ነገር እንቆጥረዋለን። ቃል በቃል ሲመለስ ሕዝቡ ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ይፈርዳል። የተከለከለ ፌዝ ግን በማግሥቱ የጀግና ልብስ ይሆናል።

የተቃዋሚዎቹን ቁጣ በሚገባ ለመረዳት፣ ያ ወጣት ድምፅ መስጫውን እንዴት እንዳገኘው ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ለረጅም ዘመን የመምረጫ ዕድሜ 21 ዓመት ነበር። በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የወታደር መመልመያ ዕድሜ ወደ 18 ዝቅ ሲደረግ፣ የዌስት ቨርጂኒያው እንደራሴ ጄኒንግስ ራንዶልፍ የመምረጫውም ዕድሜ እንዲሁ 18 እንዲሆን ለምክር ቤቱ ሐሳብ አቀረቡ። ጠመንጃ ለመሸከም የበቃ ትከሻ የምርጫ ወረቀት ለመያዝ አይበቃም ማለት ትክክል አይደለም የሚል ነበር የዘመኑ ክርክር። የጆርጂያ ክፍለ ሀገር በ1943፣ ኬንታኪም በ1955 ዕድሜውን ዝቅ አደረጉ። የቀሩት አብዛኞቹ ግን በ21ዱ ጸኑ። ራንዶልፍ ሐሳባቸውን ደጋግመው ሲያቀርቡ፣ ደጋግሞም ሲወድቅባቸው ሦስት ዐሥርት ዓመታት ሊሞላ ተቃረበ።

ነገሩን የቆረጠው የቬትናም ጦርነት ነው። በየሳምንቱ ሬሣቸው የሚመለሰው ልጆች ብዙዎቹ ወደ ጦር ሜዳ የላካቸውን መንግሥት ለመምረጥም ሆነ ለመሻር መብት ያልነበራቸው ነበሩ። በመጨረሻም በመጋቢት ወር 1971 ምክር ቤቱ 26ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቀ። ክፍላተ ሀገሩም ተሽቀዳድመው ተቀበሉትና በጁላይ 1 ቀን 1971 ሕግ ሆነ። መቶ ቀን ብቻ ነው የፈጀው፤ በዚያ አገር ታሪክ ውስጥም እንዲህ ፈጥኖ የጸደቀ ማሻሻያ የለም። እንግዲህ ካናቴራው «የሽማግሌዎች ነው» ብሎ ያፌዘበት መብት፣ ለወጣቶች በወጣቶች ደም የተገዛ መብት ነበር።

ይሁን እንጂ ቁጣው ብቻውን ነገሩን አይጨርሰውም። ከቁጣው በስተጀርባ «ካናቴራው የተናገረው ሐሰት ነበርን?» የሚል የማይመች ጥያቄ አለ። ቁጥሩን ስንመለከት ፌዙ ከመሬት የተነሣ አለመሆኑን እናገኛለን። አዲሱ መብት ለመጀመሪያ ጊዜ በተሠራበት በ1972ቱ ምርጫ፣ ከ18 እስከ 24 ዓመት ካሉት ወጣቶች ድምፅ የሰጡት ግማሽ ያህሉ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ እያቆለቆለ ሄዶ በ2000 ዓ.ም. ምርጫ፣ የመምረጥ መብት ካላቸው መቶ ወጣቶች ድምፅ የሰጡት 36 ብቻ ሆኑ። 64ቱ በቤታቸው ቀሩ።

ያ የ2000 ምርጫ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ምርጫ አልነበረም። የፕሬዚዳንትነቱ ዕጣ በፍሎሪዳ ክፍለ ሀገር ላይ ወደቀ። በዚያ ክፍለ ሀገር ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ፣ ጆርጅ ቡሽ አል ጎርን የበለጡት በ537 ድምፅ ነበር። 537 ሰው ማለት በአንድ መካከለኛ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ የሚቀመጥ ሕዝብ ነው። «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ትፈይዳለች?» ብሎ የተኛ ተማሪ በፍሎሪዳ ምን ያህል እንደነበረ አንባቢው ይገምት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ድሩ ግን በየጎጆው ተበታትኖ ቀረ።

ወጣቱ ለምን ይቀራል? ስንፍና ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ነገሩ ግን ከዚህ ይሰፋል። በአሜሪካ ምርጫ የሚደረገው በ1845 በወጣ ሕግ መሠረት በማክሰኞ ቀን ነው። ማክሰኞ ደግሞ የሥራና የትምህርት ቀን ነው። በአብዛኞቹ ክፍላተ ሀገር መራጩ አስቀድሞ መመዝገብ አለበት፤ ቤት ሲለውጥም እንደገና ይመዘገባል። ሽማግሌው በአንድ ቤት 30 ዓመት ሲኖር፣ ተማሪው ከወላጆቹ ቤት ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ሥራ በየዓመቱ ይዘዋወራል። ስለዚህ ለአንዱ የአንድ ቀን ጉዳይ የሆነው ነገር ለሌላው የብዙ ቀን ድካም ይሆናል።

አንዳንድ ቦታም እንቅፋቱ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነበር። በቴክሳስ ክፍለ ሀገር፣ በዎለር አውራጃ፣ በ1876 ለጥቁሮች የተመሠረተ ፕሬሪ ቪው የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ። የአውራጃው የምርጫ መዝጋቢ የዚህን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «የዚህ አገር ነዋሪ መሆናችሁን አስረዱ» እያለ፣ ሌላው ሰው የማይጠየቀውን ጥያቄ ሲጠይቃቸው ኖሮ፣ በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለተማሪዎቹ የተሰጠውን ፍርድ አጸናላቸው። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ2003 መጨረሻ የአውራጃው ዐቃቤ ሕግ፣ ተማሪዎቹ ነዋሪ ስላልሆኑ ድምፅ ቢሰጡ ሊከሰሱ እንደሚችሉ በጽሑፍ አስታወቀ። ተማሪዎቹ ግን አልፈሩም። በጃንዋሪ 2004 በብዙ መቶ እየሆኑ ከዩኒቨርሲቲያቸው ተነሥተው ወደ አውራጃው ፍርድ ቤት በእግራቸው ሰልፍ ሄዱ። በፌብሩዋሪም የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተማሪዎቹ እንደ ማንኛውም ሰው የመምረጥ መብት እንዳላቸው በጽሑፍ አረጋገጠ።

አንባብያን ወሮቹን ያስተውሉልን። በአንድ አገር፣ በዚያው ክረምት፣ በአንድ በኩል ወጣቶች ድምፅ ለመስጠት ኪሎ ሜትሮችን በእግር ይጓዛሉ፤ በሌላ በኩል ድምፅ መስጠት የወጣት ነገር አይደለም የሚል ካናቴራ በሱቅ መስኮት ይሰቀላል። ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። በአንዳንድ የደቡብ ክፍላተ ሀገር ድሃው ጥቁርም ሆነ ድሃው ነጭ ድምፅ ለመስጠት ግብር እንዲከፍል ይገደድ ነበር። በቨርጂኒያ ይህ ግብር በዓመት አንድ ዶላር ከኀምሳ ሳንቲም ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሻረውም በ1966 ነው። አባት እንዲመርጥ አንድ ዶላር ከኀምሳ ተጠየቀ፤ ልጅ ደግሞ አልመርጥም ለማለት በፈቃዱ 28 ዶላር ከፈለ!

ከሁሉ የሚከፋው ግን የመቅረቱ ዋጋ ነው። ለምርጫ የሚወዳደር ሰው ጊዜውም ገንዘቡም የተወሰነ ነው። ስለዚህ በመራጮች መዝገብ ላይ ማን በርግጥ እንደሚመጣ አይቶ ወደዚያ ደጅ ይሄዳል። ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑት አሜሪካውያን በ2004 ከመቶው 70 ያህሉ ድምፅ ሰጥተዋል። በዲሴምበር 2003 ፕሬዚዳንት ቡሽ ለአረጋውያን የመድኃኒት ወጪ የሚረዳ ታላቅ ሕግ ፈርመው ነበር። ሕጉ ክፉ ነው አንልም፤ የታመመ ሽማግሌን መርዳት የተገባ ነው። የምንለው፣ ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ የሚሰሙት ስለሚመርጡ ጭምር ነው። በዚያው ዓመት በማርች ወር የኢራቅ ጦርነት ተጀምሯል። በዚያ ጦርነት ከሞቱት የአሜሪካ ወታደሮች ብዙዎቹ 30 ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ። የዩኒቨርሲቲውን ክፍያ የሚከፍለው፣ የመንግሥትን ዕዳ ረጅም ዘመን የሚሸከመው፣ በጦርነትም ጊዜ የሚዘምተው ወጣቱ ነው። ይህ ሁሉ የሚወሰነው ግን እርሱ በሌለበት ሸንጎ ነው። ውሳኔው ከተነገረ በኋላ ማማረር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ከማለት አያልፍም።

ምናልባት «እኔ የማልመርጠው አስቤ ነው፤ ሁለቱም ዕጩዎች አይረቡም» የሚል ይኖራል። ይህን ሰው አንንቀውም፤ የኅሊና ጉዳይ ነውና። ነገር ግን ምክንያቱን በግልጽ ይናገር፣ ይጻፍ፣ የተሻለ ዕጩ ይፈልግ እንላለን። የምርጫ ቆጣሪ ዝምታን አይመረምርም። ተቈጥቶ የቀረውም፣ ተኝቶ የቀረውም፣ ካናቴራውን ለብሶ የቀረውም በመዝገቡ ላይ አንድ ናቸው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ለሌላ ቦታ ይሁን እንጂ፣ በምርጫ ቀን ዝምታ ይነቅዛል።

በዚያው በ2004 ሌላ ካናቴራም ወጥቶ ነበር። ሾን ኮምብስ የተባለው ዘፋኝ ወጣቱን ለማነሣሣት ባቋቋመው ዘመቻ «ምረጥ ወይም ሙት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ አሠርቶ በየመድረኩ አስለበሰ። ይህም በበኩሉ ማጋነን ነው ተብሎ ተነቀፈ። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ካናቴራዎች አንድ ጉድለት አላቸው፤ ሁለቱም ምክንያት አይሰጡም። አንዱ ያላግጣል፤ ሌላው ያስፈራራል። ወጣት ሰው በምጸትም በማስፈራራትም ሳይሆን፣ ድምፁ ምን እንደሚለውጥ ሲያውቅ፣ የት እንደሚመዘገብ ሲነገረው፣ ጓደኛውም «ና አብረን እንሂድ» ሲለው ይሄዳል። በዚያ ዓመት በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ጠረጴዛ ዘርግተው መዝጋቢ ወረቀት ያደሉ ተማሪዎች የሠሩት ሥራ ይህ ነበር። በማናቸውም ካናቴራ ላይ የሚጻፍ አይደለም።

ታዲያ በኖቬምበር 2 ቀን 2004 ምን ሆነ? ከ18 እስከ 24 ዓመት ካሉት ዜጎች ከመቶው 47ቱ ድምፅ ሰጡ። ከአራት ዓመት በፊት 36 የነበረው በ11 አደገ ማለት ነው። የጠቅላላው ሕዝብ ዕድገት ግን ከመቶው 4 ያህል ብቻ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ያደገው «ምርጫ የእርሱ አይደለም» የተባለው ወገን ሆነ። ይህን ሁሉ ያመጣው የካናቴራው ተቃውሞ ነው ብለን አንሳሳትም፤ ጦርነቱ፣ የፍሎሪዳ ትዝታና የመዝጋቢዎቹ ድካም ተደምረውበታል። ቢሆንም ለፌዙ ከደብዳቤ ሁሉ የበለጠ መልስ የሰጠው ይህ ቁጥር ነው።

መልሱ ግን አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያልቅ አይደለም። በ2012 ያው ቁጥር ወደ 41 ዝቅ አለ፤ በ2020 ደግሞ ወደ 51 ከፍ አለ። በዚያው በ2020 ከ65 እስከ 74 ዓመት ካሉት ከመቶው 76ቱ መርጠዋል። ስለዚህ በሽማግሌውና በወጣቱ መካከል ያለው ክፍተት አሁንም ሰፊ ነው። ካናቴራው ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዘመን ቢሆነውም፣ ፌዙን ሐሰት ማድረግ በየምርጫው እንደ አዲስ የሚሠራ ሥራ ነው።

ስለ ራሱ ስለ ቃሉም አንድ ነገር እንበል። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ «ሽማግሌ» ሲል ያረጀ፣ ዘመን ያለፈበት ማለቱ ነው። በአማርኛ ግን «ሽማግሌ» የዕድሜ ስም ብቻ አይደለም፤ የዳኝነትም ስም ነው። የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ድንበር የሚለይ፣ ጋብቻ የሚያስፈጽም ሽማግሌ ይባላል፤ ዕድሜው ገና ሠላሳ ቢሆንም እንኳ። በእኛ ቋንቋ ሲነበብ ካናቴራው ሳያውቅ እውነት ተናገረ። ድምፅ የሚሰጥ ሰው በዚያች ቀን ዳኛ ነው፤ በአገር ጉዳይ ሽምግልና ተቀምጧል። ልዩነቱ በዚህ ሸንጎ ለመቀመጥ ሽበት አለመጠየቁ ነው።

በአገራችንም ይኸው ዕድሜ ተለውጧል። በ1955 (በእኛ አቆጣጠር በ1948) የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመምረጫውን ዕድሜ 21 ዓመት አድርጎት ነበር። በ1995 (በእኛ አቆጣጠር በ1987) የጸናው ሕገ መንግሥት ግን 18 አድርጎታል። በአሜሪካ ተወልደው የሚያድጉት የወገኖቻችን ልጆችም 18 ዓመት ሲሞላቸው ያንኑ በራንዶልፍ ሐሳብ የተጀመረውን መብት ይይዛሉ። በሁለቱም አገር ለወጣቱ የተሰጠው ወንበር አንድ ዓይነት ነው።

ወጣቱ የፈለገውን ካናቴራ ይልበስ፤ የምንቃወመው ልብሱን አይደለም። ካናቴራ ታጥቦ ይደበዝዛል፤ ጽሑፉም ከጥቂት ወራት በኋላ ተልጦ ይወድቃል። በሣጥኑ ውስጥ ገብቶ የተቈጠረ ወረቀት ግን ሕግ ይሆናል፣ ግብር ይሆናል፣ ጦርነትና ሰላምም ይሆናል። ተማሪውም ሆነ ሥራ የጀመረው ወጣት ሹም፣ ስሙ በመራጮች መዝገብ ላይ መኖሩን ሳያረጋግጥ በሽማግሌዎች ውሳኔ ላይ አያጉረምርም እንላለን።